ሠራዊቱና እንጀራው፦ በቲሞር ሌስቴ የመከላከያ ግንባታ የተዘለለው የሥራ ጥያቄ

በማርች 2006 የቲሞር ሌስቴ መከላከያ ኃይል 594 ወታደሮቹን በአንድ ጊዜ ማሰናበቱን አስታወቀ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። የኃይሉ ጠቅላላ ብዛት በዚያን ጊዜ ከ1,400 ያህል አይበልጥም ነበርና ከአሥር ወታደር አራቱ በአንድ ውሳኔ ከደመወዝ መዝገብ ተሰረዘ ማለት ነው። በቀጣዩ ወር ዋና ከተማዋ ዲሊ በሰልፍና በግጭት ታመሰች። በሜይ ወታደርና ፖሊስ ተታኮሱ፤ ሜይ 25 ቀን በተባበሩት መንግሥታት አጃቢነት ትጥቃቸውን ፈትተው ይወጡ የነበሩ ስምንት ፖሊሶች በወታደሮች ጥይት ተገደሉ። ጉዳዩን የመረመረው የመንግሥታቱ ድርጅት አጣሪ ኮሚሽን እስከ 38 ሰዎች እንደሞቱና 150 ሺህ ያህል ሕዝብ ከቀዬው እንደተፈናቀለ መዝግቧል። ይህ የደረሰው ሕዝቧ አንድ ሚሊዮን ገደማ በሆነ፣ ነጻነቷን መልሳ ካገኘች ገና አራት ዓመት በሞላት አገር ላይ ነው።

ቀውሱን የተነተኑ ጥናቶች በአብዛኛው ሦስት ምክንያቶችን ያቀርባሉ። አንደኛው በምሥራቅና በምዕራብ ተወላጆች መካከል የተፈጠረው ክፍፍል ነው። ሁለተኛው በፕሬዚዳንት ሻናና ጉስማኦና በጠቅላይ ሚኒስትር ማሪ አልካቲሪ መካከል የነበረው፣ ሥሩ ወደ ትግሉ ዘመን የሚወርደው አለመግባባት ነው። ሦስተኛው የፖሊስና የሠራዊቱ ፉክክር ነው። ሦስቱም እውነት ናቸው፤ አንዳቸውንም ማስተባበል የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም። ሆኖም በጃንዋሪ 2006 ለፕሬዚዳንቱና ለጦር አዛዡ በደረሰው፣ 159 ወታደሮች በፈረሙበት አቤቱታ ውስጥ የተነሡት ጉዳዮች የማዕረግ ዕድገት አድልዎ፣ የአለቆች አያያዝና የአገልግሎት ሁኔታ ናቸው። የጦር መሣሪያው ወደ ጎን ቢቀመጥ፣ ይህ አቤቱታ ከማንኛውም ትልቅ መሥሪያ ቤት የሠራተኞች ማመልከቻ የሚለይበት ነገር ጥቂት ነው።

የክርክሩም ፍሬ ነገር ከዚህ ይነሣል። በድኻና በትንሽ አዲስ አገር ሠራዊት የመከላከያ መሣሪያ ከመሆኑ በፊት መደበኛ ደመወዝ ከሚከፍሉ ጥቂት ቀጣሪዎች አንዱ ነው። ማን እንደሚመለመል፣ ማን እንደሚሸኝ፣ የሚሸኘውም ወዴት እንደሚሄድ የሚወስነው እጅ አንድ ካልሆነ ችግሩ ዞሮ በጦር ሰፈር በር ይመጣል። በቲሞር ሌስቴ የወታደሩን ብዛት የወሰኑት የመከላከያ አማካሪዎች ነበሩ፤ የተሸኘውን ሰው እንጀራ የተረከቡት ደግሞ የዕርዳታ ፕሮጀክቶች። ሁለቱ ወገኖች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አልተቀመጡም።

የታሪኩ መነሻ ፋሊንቲል ነው። ይህ የሽምቅ ተዋጊ ኃይል በኦገስት 1975 ተመሠረተ፤ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ኢንዶኔዥያ አገሪቱን ስትወር ወደ ተራራ ወጣ፤ ከዚያም ለ24 ዓመታት አልተበተነም። በኦገስት 30 ቀን 1999 በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ 78.5 በመቶ የሚሆነው መራጭ ነጻነትን ሲመርጥ፣ ሚሊሻዎችና የኢንዶኔዥያ ጦር አገሪቱን አቃጥለው ወጡ። በዚያ እሳት መካከል የፋሊንቲል ታጋዮች ከተመደበላቸው ካምፕ ሳይወጡ፣ ሳይተኩሱ ቆዩ። ትእዛዙን ማክበራቸው ግጭቱ የእርስ በርስ ጦርነት እንዳይመስል ረድቷል፤ ለታጋዩ ግን ሕዝቡ ሲገደል እጁን አጣጥፎ መቀመጥ ቀላል ፈተና አልነበረም። ከዚያ በኋላ ያገኘው ምላሽ ሲታይ ነገሩ የበለጠ ያሳዝናል። ከዲሊ በስተደቡብ በምትገኘው አይሌዉ ተሰብስቦ፣ በምግብ እጥረትና በበሽታ እየተጎሳቆለ፣ ምን እንደሚሆን ሳይነገረው ከአንድ ዓመት በላይ ጠበቀ።

መዘግየቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። አገሪቱን በጊዜያዊነት ያስተዳድር የነበረው የተባበሩት መንግሥታት ተልእኮ ሠራዊት የማቋቋም ሥልጣንም ልምድም አልነበረውም። ከነጻነት በፊት ከትግሉ መሪዎች መካከል ቲሞር ሌስቴ ያለ ሠራዊት ብትኖር ይሻላል የሚሉ ነበሩ፤ የ1999 እልቂት ያንን ሐሳብ ቀበረው። በመጨረሻ በ2000 የለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ ባለሙያዎች አማራጮችን እንዲያቀርቡ ተጠየቁ። ካቀረቧቸው ሦስት አማራጮች መካከል 1,500 መደበኛና 1,500 ተጠባባቂ ወታደር የሚለው በሴፕቴምበር 2000 ጸደቀ።

ይህ ቁጥር በጥሞና ሊታይ ይገባል። አገሪቱን ከኢንዶኔዥያ ለመከላከል 1,500 ሰው አይበቃም፤ ለሥነ ሥርዓት ሰልፍ ደግሞ ይበዛል። የቁጥሩ ትርጉም የሚገባው ለጋሾች ሊከፍሉ በሚችሉትና ታጋዮች ሊቀበሉት በሚችሉት መካከል የተደረገ ስምምነት ሆኖ ሲታይ ነው። ስለዚህ ገና ሲጠነሰስ የሥራ ቁጥር ነበር፤ ነገር ግን በሥራ ቋንቋ አልተጻፈም፣ በሥራ መሥፈርትም አልተመዘነም። ከሁሉ ይበልጥ የሥራን ጉዳይ ሊያቃልል ይችል የነበረው የተጠባባቂው ክፍል ነው። ሰውን ከእርሻውና ከሱቁ ሳይነቅል በዓመት ለጥቂት ጊዜ የሚያሠለጥን፣ አነስተኛ አበልና ማዕረግ የሚሰጥ አደረጃጀት ሊሆን ይችል ነበር። በተግባር ግን ይህ ክፍል በወረቀት ላይ ቀረ።

በፌብሩዋሪ 1 ቀን 2001 ፋሊንቲል በሥነ ሥርዓት ተሸኝቶ አዲሱ መከላከያ ኃይል ተመሠረተ። በካምፕ ከነበሩት 1,900 ያህል ታጋዮች መካከል ለመጀመሪያው ሻለቃ የተመረጡት 650 ገደማ ናቸው። ምርጫውን ያካሄደው የፋሊንቲል አመራር ራሱ ሲሆን፣ መሥፈርቱ ለውጭ ታዛቢም ለብዙው ታጋይም ግልጽ አልነበረም። ለጉስማኦ ቅርብ የነበሩት ገቡ፣ ከእርሱ ጋር የተኳረፉት ቀሩ የሚለው ወሬ ወዲያው ተሰማ። የመሥፈርቱ ፍትሐዊነት በራሱ አከራካሪ ነው፤ አከራካሪ የማይሆነው ግን ተመራጩ ቋሚ ደመወዝ፣ የደንብ ልብስና ማዕረግ ሲያገኝ፣ ያልተመረጠው የሽኝት ጥቅል ብቻ ይዞ መሄዱ ነው።

ጥቅሉ ይህን ይመስል ነበር። በዓለም ባንክና በአሜሪካ የልማት ድርጅት ገንዘብ፣ በዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት አስፈጻሚነት የተካሄደው መርሐ ግብር ለ1,308 የቀድሞ ታጋዮች በወር 100 ዶላር ለአምስት ወራት ከፈለ፤ የመጓጓዣ፣ የሥልጠናና አነስተኛ የመቋቋሚያ ድጋፍም ጨመረ። በመርሐ ግብሩ ሚዛን ሥራው ተሳክቷል፤ ገንዘቡ ደርሷል፣ ሰዎቹም ወደ መንደራቸው ገብተዋል። ከዚያ በኋላስ? ገበያው ተቃጥሏል፤ የመንግሥት ሥራ ከኢንዶኔዥያ ዘመን ከነበረው በእጅጉ አንሷል፤ ዲሊ ውስጥ በደህና ደመወዝ የሚቀጥረው የውጭ ድርጅት ሾፌር፣ አስተርጓሚና ጸሐፊ እንጂ በጫካ የሸበተ ሰው አይፈልግም። አዲሱ መንግሥት ከቴቱም ጋር ፖርቱጋልኛን ይፋዊ ቋንቋ ማድረጉም፣ በኢንዶኔዥያኛ የተማረውን ወጣት ሳይቀር ከቢሮ በር መልሶታል። አምስት መቶ ዶላር በእንዲህ ያለ ገበያ ለጥቂት ጊዜ ቀለብ ይሆናል እንጂ መተዳደሪያ አይሆንም።

ስንቅ ይሸከሙና መልእክት ያመላልሱ የነበሩ ሴቶች፣ እንዲሁም በከተማ በኅቡእ ይሠሩ የነበሩ ወጣቶች በአብዛኛው በዚህ ስሌት ውስጥ አልገቡም። የትግሉ ከባድ ሸክም ካረፈባቸው መካከል ግን እነርሱ ነበሩ።

ውጤቱ ሳይውል ሳያድር ታየ። በባውካው አካባቢ እንደ ሳግራዳ ፋሚሊያ ያሉ፣ በቀድሞ ታጋዮች ዙሪያ የተሰባሰቡ ቡድኖች ጎልተው ወጡ። ከሠራዊቱ ውጭ የቀሩት ቅሬታ የፖለቲካ ገንዘብ ሆነ። የቀድሞ ታጋዮችን በሰልፍ ያንቀሳቅስ የነበረው ሮጄሪዮ ሎባቶ በ2002 የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ሲሆን፣ በእርሱ ዘመን ፖሊስ ከሠራዊቱ የተሻለ የታጠቁ ልዩ ክፍሎችን አቋቋመ። በዚህ መልኩ የሥራ ጥያቄ ወደ ሁለት የታጠቁ መሥሪያ ቤቶች ፉክክር ተለወጠ። ሎባቶ በ2006ቱ ቀውስ ለሲቪሎች መሣሪያ በማደል ተከሶ በ2007 ተፈርዶበታል።

በሠራዊቱ ውስጥም ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ሁለተኛው ሻለቃ ሲቋቋም ምልመላው ለወጣቶች ክፍት ተደረገ፤ የዕድሜ ጣራውም 21 ዓመት ነበር። በዚህ መሥፈርት አብዛኛው የቀድሞ ታጋይ በዕድሜው ተከለከለ፤ ከምዕራብ ወረዳዎች ግን ብዙ ወጣት ገባ። የትጥቅ ትግሉ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ይበልጥ ጸንቶ የቆየው በምሥራቁ ተራራማ አካባቢ ስለነበር አዛዦቹ በብዛት ምሥራቃውያን፣ ምልምሎቹ በብዛት ምዕራባውያን ሆኑ። የማዕረግ ዕድገት በትግል ዘመን አገልግሎት ሲለካ፣ በዕድሜው ምክንያት ያልታገለው ወጣት እስከ ጡረታው ተራ ወታደር ሆኖ እንደሚቀር ይገነዘባል። ይህ የትውልድ ጥያቄ ነበር፤ የትውልዱ መስመር ከክልሉ መስመር ጋር መገጣጠሙ ግን የጎሣ ጠብ አስመሰለው። ሎሮሳይ እና ሎሮሞኑ የሚሉት፣ የፀሐይን መውጫና መግቢያ የሚያመለክቱ ስሞች መለያ ሆነው ለመንደር እሳት የዋሉት ከዚህ በኋላ ነው።

በዚህ ላይ ሠራዊቱ ሥራ ፈት ነበር። ሕገ መንግሥቱ የውጭ መከላከልን ለሠራዊቱ፣ የውስጥ ጸጥታን ለፖሊስ ሰጥቷል፤ ድንበሩን ግን የሚጠብቁት መጀመሪያ የመንግሥታቱ ድርጅት ሰላም አስከባሪዎች፣ በኋላም የድንበር ፖሊሶች ነበሩ። አንድ ሻለቃ ጠላት በሌለበት በአገሪቱ ምሥራቃዊ ጫፍ በሎስፓሎስ ሰፈረ። የምዕራብ ተወላጅ ወታደር ደመወዙን ለቤተሰቡ ለማድረስ የአገሪቱን ርዝመት በተበላሸ መንገድ ማቋረጥ ነበረበት፤ በሰዓቱ ካልተመለሰ ግን እንደ ከዳ ይቆጠራል። በ2003 መጨረሻ 42 ወታደሮች የተሰናበቱት በአብዛኛው ከዚህ ዓይነቱ መቅረት ጋር በተያያዘ ነው። ከእነርሱም አብዛኞቹ የምዕራብ ሰዎች ነበሩ። ይህ ለ2006 ቀድሞ የተደወለ ደወል ነበር። የሰማው አልነበረም።

የጦር አዛዡ ታውር ማታን ሩዋክ በ2006 ያደረገው ከወታደራዊ ሥርዓት አንጻር ሊነቀፍ አይችልም የሚሉ አሉ። ወታደር ሰፈሩን ጥሎ ከወጣ፣ ተመለስ ተብሎም ካልተመለሰ ይሰናበታል፤ ዲሲፕሊን የሌለው ሠራዊት ሠራዊት አይደለም። ክርክሩ ክብደት አለው። ነገር ግን ስንብት እንደ ዲሲፕሊን እርምጃ የሚሠራው ከሰፈሩ ውጭ ሌላ ሥራ ባለበት አገር ነው። ሌላ ሥራ በሌለበት አገር፣ ያውም ከደመወዙ ጀርባ ብዙ ቤተሰብ በተሰለፈበት ቦታ፣ 594 ሰዎችን ማሰናበት የሺዎችን መሶብ መድፋት ነው። አጣሪ ኮሚሽኑም የአቤቱታ አቀራረብ ሥርዓት ባለመኖሩ ቅሬታው በወቅቱ አለመፈታቱን ከቀውሱ መንሥኤዎች መካከል አስቀምጦታል።

ከዚህ ጋር ሊነጻጸር የሚገባው ሌላ ትንሽ አገር ሲንጋፖር ነው። ሁለቱ አገሮች በሀብትም በታሪክም አይመሳሰሉም፤ ሲንጋፖር ወደብ፣ ፋብሪካና የሠለጠነ አስተዳደር ይዛ ነው ነጻ የወጣችው። ንጽጽሩ የሚጠቅመው የውሳኔውን አወሳሰድ ለማየት ብቻ ነው። በኦገስት 1965 ከማሌዥያ ስትለይ የነበሯት ሁለት ሻለቃዎች ብቻ ናቸው። የመጀመሪያው የመከላከያ ሚኒስትር ጎ ኬንግ ስዊ የኢኮኖሚ ባለሙያ ነበር፤ ወደ መከላከያ የመጣውም ከገንዘብ ሚኒስቴር ነው። ብዙ ቋሚ ወታደር ከመቅጠር ይልቅ በ1967 ብሔራዊ አገልግሎት ተደነገገ፤ ወጣቱ ይሠለጥናል፣ ጊዜውን ሲፈጽም በተጠባባቂነት ወደ ሲቪል ሥራው ይመለሳል። በቀጣዩ ዓመት ብሪታንያ ጦሯን ቀድማ እንደምታስወጣ ስታስታውቅ፣ የጦር ሰፈሮቹ ድርሻ ከአገሪቱ ገቢ አንድ አምስተኛ ያህል ይገመት ነበር፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞችም ይተዳደሩባቸው ነበር። መንግሥት ሰፈሮቹን ወደ ሲቪል ሥራ የሚለውጥ መምሪያ አቋቋመ፤ የሴምባዋንግ የባሕር ኃይል መርከብ መጠገኛ የንግድ መርከብ መጠገኛ ሆነ። ሲንጋፖርም ብትሆን ከስሕተት አልጸዳችም፤ የማሌይ ተወላጆች በሠራዊቱ ውስጥ ያላቸው ቦታ ለረጅም ጊዜ ቅሬታ ሲያስነሣ ኖሯል። ሆኖም የመከላከያና የሥራ ጉዳይ በአንድ ካቢኔ፣ አንዳንዴም በአንድ ሰው ራስ ውስጥ ይመዘኑ ነበር።

በቲሞር ሌስቴ ሁለቱ ጉዳዮች የተገናኙት ከደም መፋሰስ በኋላ ነው። በ2008 ጉስማኦ በጠቅላይ ሚኒስትርነት የሚመራው መንግሥት ለእያንዳንዱ አቤቱታ አቅራቢ ወታደር 8,000 ዶላር ከፍሎ ወደ ሲቪል ሕይወት ሸኘ። ቤታቸው ለፈረሰባቸው ተፈናቃዮች እስከ 4,500 ዶላር ተሰጠ። የቀድሞ ታጋዮች ጡረታ በ2006 በወጣው ሕግ መሠረት መከፈል ጀመረ፤ ተመዝጋቢውም በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሆነ። ለመንገድና ለመስኖ የሚውሉ አነስተኛ የመንግሥት ውሎች በቀድሞ ታጋዮች እጅ እንዲገቡ ተደረገ። ሰላሙ ተገዛ የሚለው አነጋገር ለሚዘባበትበት ሰው፣ ሰላሙ በእርግጥ መጥቷል፤ የመንግሥታቱ ድርጅት ተልእኮ በ2012 መጨረሻ ሲወጣ አገሪቱ ጸጥ ያለች ነበረች። በ2001 አምስት መቶ ዶላር የነበረው ሽኝት በ2008 ስምንት ሺህ መድረሱ ግን የሚያስተምረው ነገር አለ፤ በትዕግሥት የተሸኘው ጥቂት አገኘ፣ መሣሪያ የያዘው ብዙ።

ስሕተቱ በዋናነት የቅደም ተከተል ስሕተት ነው። መጀመሪያ ምርጫ ተደረገ፤ ከዚያ ሽኝት፤ ታጋዩንና ነባሩን የሚመዘግቡ ኮሚሽኖች የተቋቋሙት ከነጻነት በኋላ ነው፤ ጡረታው የተከፈለው ከሰባት ዓመት በኋላ። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ፣ ማለትም ሁሉም ታጋይ መጀመሪያ ተመዝግቦ ክብሩን በአደባባይ ቢቀበል፣ መጠነኛም ቢሆን ዋስትና ያለው አበል ቢቆረጥለት፣ ከዚያ በኋላ ወታደር መሆን የሚፈልገው ለውድድር ቢቀርብ፣ ወደ ሠራዊቱ አለመግባት ከታሪክ መሰረዝ ተደርጎ ባልተቆጠረ ነበር። በ2001 ወታደርነት ክብርም፣ ደመወዝም፣ መሣሪያም በአንድነት የያዘ ብቸኛ ወንበር ነበር። ሦስቱ ቢለያዩ ኖሮ የወንበሩ ሽሚያ ይቀልል ነበር። ለዚህ የሚሆን ገንዘብ አልነበረም የሚለው መከራከሪያ ከ2001 አንጻር እውነትነት አለው፤ የነዳጅ ፈንዱ የተቋቋመው በ2005 ነው። ነገር ግን ለጋሾች ለአማካሪና ለሰላም አስከባሪ ኃይል ያወጡት ገንዘብ ከ1,308 ሰዎች የዓመታት አበል ጋር ሲነጻጸር ችግሩ የገንዘብ ሳይሆን የሚዛን እንደነበር ይታያል።

ዛሬ የጡረታው ወጪ ከነዳጅ ፈንዱ በሚወጣ ገንዘብ የሚደገፍ ሲሆን፣ ከፈንዱ የሚወጣውም ለዓመታት በዘላቂነት ሊወጣ ይችላል ተብሎ ከሚሰላው መጠን በላይ ሲሆን ቆይቷል። ከ1999 በኋላ የተወለደው ወጣት ደግሞ ታጋይ ሊባል አይችልም፤ የጡረታ መዝገቡ ለእርሱ ዝግ ነው፣ ሠራዊቱም ትንሽ ነው። ከእነዚህ ወጣቶች ብዙዎቹ ለአውስትራሊያ የወቅት እርሻ፣ ለደቡብ ኮሪያ ፋብሪካና ዓሣ ማጥመጃ ይመዘገባሉ፤ በፖርቱጋል ፓስፖርት እስከ ሰሜን አየርላንድ የስጋ ፋብሪካ የደረሱም አሉ። የሚልኩት ገንዘብ የብዙ መንደሮች ድጋፍ ሆኗል። በአይሌዉ ካምፕ ለተቀመጠው ታጋይ ያልተመለሰለት ጥያቄ አሁን የሚጠየቀው በኤምባሲና በቅጥር ፈተና ሰልፍ ላይ ነው።